ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው፦ የአሜሪካ የመኪና ሽቅድምድም አጀማመርና አደጋው

የመኪና ሽቅድምድም በአሜሪካ የተጀመረበት ዘመን፣ ማለትም ከ1895 እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ያለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በአሸናፊዎቹ ስም፣ በመኪኖቹ ጉልበትና በፍጥነታቸው ነው። የዚያው ዘመን የሟቾች መዝገብ ግን ሌላ ታሪክ ይዟል፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ መሪ ከጨበጠው ሾፌር ባልተናነሰ ደጋግመው የሚገኙት ከጎኑ ተቀምጦ ይጓዝ የነበረው ረዳትና በመንገዱ ዳር ቆሞ ይመለከት የነበረው ሕዝብ ናቸው። ይህ ንግግር የተዘጋጀው ያንን ሁለተኛውን ታሪክ ለአሶሳና ለአካባቢዋ ሕዝብ ለማቅረብ ሲሆን፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረበት በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነቀምት ተነሥቶ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አልፎ አሶሳ የሚደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ረዳት ማን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጭነቱን የሚያስረው፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ታኮ የሚያስገባው፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ወርዶ የሚገፋውና ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመለስ መንገዱን የሚያሳየው እርሱ ነው። በጥንቱ የአሜሪካ ሽቅድምድም ላይም ይኸው ሰው ነበረ፤ ደንቡ ረዳት መካኒክ ይለው ነበር፤ ሥራውም ከፍ ብሎ ከተገለጸው ብዙ የማይርቅ፣ ነገር ግን በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚበር መኪና ላይ ያለ ማሰሪያ ቀበቶና ያለ ራስ መከላከያ ቆብ የሚከናወን ነበር።

የመጀመሪያው የታወቀ የአሜሪካ የመኪና ውድድር የተካሄደው በ1895 ኅዳር 28 ቀን በቺካጎ ከተማ ነው። ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 19 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ጦር በአምባላጌ ድል ከማድረጉ ዘጠኝ ቀን አስቀድሞ ነበር፤ ስለዚህ መኪና የሚባለው ነገር በአሜሪካ ሕዝብ ፊት በተፈተነበት ሳምንት የምኒልክ ሠራዊት በእግርና በበቅሎ ወደ ሰሜን ይጓዝ ነበር። ውድድሩን ያዘጋጀው ታይምስ ሄራልድ የተባለው የቺካጎ ጋዜጣ ሲሆን፣ ለአሸናፊው የተመደበው ሽልማት 2,000 ዶላር ነበር። ለመወዳደር ከተመዘገቡት ብዙ መኪኖች መካከል በበረዶ በተሸፈነው መንገድ ላይ ተሰልፈው የተነሡት ስድስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በጀርመን አገር የተሠሩ ቤንዞች፣ ሁለቱ በባትሪ ኃይል የሚሄዱ፣ አንዱ ደግሞ የዱርየ ወንድማማቾች የሠሩት የአሜሪካ መኪና ነበሩ። ከቺካጎ እስከ ኤቫንስተን ደርሶ የሚመለሰውን 87 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ጨርሰው የገቡት ሁለት ሲሆኑ፣ ያሸነፈው ፍራንክ ዱርየ ለጥገና የቆመበት ጊዜ ሲቀነስ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል።

ሁለተኛ የገባውን ቤንዝ ይነዳ የነበረው ኦስካር ሙለር ከብርዱ የተነሣ ራሱን ስቶ መሪውን ሲለቅ፣ መኪናውን ተረክቦ ፍጻሜ ያደረሰው በአዘጋጆቹ ታዛቢነት ተመድቦ ከጎኑ ተቀምጦ የነበረው ቻርልስ ኪንግ ነው። በዚህ ውድድር የሞተ ሰው የለም፤ ሆኖም ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው በመኪናው ላይ መኖር እንዳለበት፣ በሾፌሩ ላይ የሚደርሰው ሁሉ በዚያም ሰው ላይ እንደሚደርስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታየ ነገር ነበር።

አሜሪካ ያን ጊዜ የመንገድ አገር አልነበረችም። በ1904 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያደረገው ቆጠራ እንዳሳየው፣ ከከተማ ውጭ ካሉት የአገሪቱ መንገዶች ጠጠር ወይም ሌላ ማጠንከሪያ የለበሱት ከመቶ ሰባት ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ የሚሆኑ የአፈር መንገዶች ነበሩ። በፈረንሳይ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደረግ ረጅም ውድድር ሲስፋፋ አሜሪካውያን ብዙ ጊዜ ወደ ፈረስ መሮጫ ሜዳ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በየአውራጃው ለዓመታዊ የእርሻ ትርኢት የተሠራ፣ በአጥር የተከበበ፣ ዙሪያው አንድ ማይል ወይም ግማሽ ማይል የሆነ የፈረስ መሮጫ ስለነበረ፣ አዘጋጆች መንገድ መሥራት ሳያስፈልጋቸው ትኬት ሸጠው ሕዝብ ማስገባት ይችሉ ነበር። በ1896 በሮድ አይላንድ ግዛት ናራጋንሴት ፓርክ በተባለው የፈረስ ሜዳ የተደረገው ውድድር የዚህ ልማድ መነሻ ሆነ፤ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ሽቅድምድም ዓይነተኛ መልክ የሆነው በሞላላ ሜዳ ዙሪያ ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ መሮጥም የተወለደው ከዚሁ ነው።

የፈረስ ሜዳ ለፈረስ እንጂ ለመኪና አልተሠራም። ለሰኮና ምቹ እንዲሆን የላላው አፈር በጎማ ሲታመስ የሚነሣው አቧራ ከፊት ካለው መኪና በስተኋላ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል፤ የአሶሳን ቀይ አፈር በጥር ወር ከአይሱዙ በስተኋላ ሆኖ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። አጥሩም ፈረስ እንዳይወጣ ለመከልከል የተሠራ ቀጭን የእንጨት አጥር ስለነበረ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪናን ሊያቆም አይችልም፤ ተመልካቹ ደግሞ የሚቆመው ያንኑ አጥር ተደግፎ ነበር። በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ የዘመኑ ዝነኛ ሾፌር ባርኒ ኦልድፊልድ በአቧራ ውስጥ መንገዱ ጠፍቶበት አጥሩን ጥሶ ሲወጣ፣ ሁለት ተመልካቾች ሞቱ፤ እርሱ ግን ቆስሎ ዳነ።

ኦልድፊልድ ከብስክሌት ውድድር የመጣ ሰው ሲሆን ስሙን ያስጠራችው በሄንሪ ፎርድ ጋራዥ የተሠራችው 999 የተባለች መኪና ናት። የዚህችን መኪና አሠራር መመልከት የዘመኑን አደጋ ምንጭ ያሳያል። 18.9 ሊትር የሚይዙ አራት ግዙፍ ሲሊንደሮች ነበሯት፤ ሞተሩን የሚሸፍን ኮፈን ስላልነበራት ዘይቱ በሾፌሩ ላይ ይረጭ ነበር፤ የኋላ ጎማዎቹ በመታጠፊያ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል አልተገጠመላትም፤ በክብ መሪ ፈንታ ሁለት እጀታ ያለው ዘንግ ነበራት። ጉልበት ለመጨመር የታሰበውን ያህል ለማቆምና ለመምራት አልታሰበም ማለት ይቻላል። ኦልድፊልድ በ1903 ሰኔ ወር በኢንዲያናፖሊስ የትርኢት ሜዳ አንድ ማይልን፣ ማለትም 1.6 ኪሎ ሜትርን፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በመዞር የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሄንሪ ፎርድም ራሱ ቢሆን ዝናውን የጀመረው በሽቅድምድም ነው። በ1901 ጥቅምት ወር በዲትሮይት አጠገብ በግሮስ ፖይንት ሜዳ በዘመኑ ታዋቂ የነበረውን አሌክሳንደር ዊንተንን ሲያሸንፍ፣ ረዳቱ ኤድ ሃፍ በመኪናው መርገጫ ላይ ተንጠልጥሎ በየመታጠፊያው ሰውነቱን ወደ ውጭ እየጣለ መኪናው እንዳይገለበጥ ሚዛን ይጠብቅለት ነበር። ከዚያ ድል በኋላ ባለ ገንዘቦች ለፎርድ አዲስ ኩባንያ ለማቋቋም ፈቃደኞች ሆነዋል፤ ስለዚህ ከዓለም ታላላቅ ፋብሪካዎች የአንዱ ታሪክ በአንድ ተንጠልጣይ ረዳት ክብደት ላይም ያረፈ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የደረሰው እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ ባቀረበበት ጊዜ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤኒሻንጉል በራስ መኮንን ዘመቻ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከገባች ገና አሥር ዓመቷ ነበር፤ የአካባቢው ገዥ የሼህ ሆጀሌ ወርቅ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘውም በሰውና በእንስሳ ጫንቃ ነበር። የምኒልክ መኪና መንገድ በሌለበት አገር የገባ መኪና ነበረ፤ የሚገርመው ግን የአሜሪካ መኪኖችም እንዲሁ መሆናቸው ነው፤ ልዩነቱ አሜሪካውያን መንገዱ ሳይዘጋጅ በፊት በመኪናው መሽቀዳደም መጀመራቸው ነው።

ከሜዳ ወጥቶ በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደም ምን እንደሚያስከትል ፈረንሳይ በ1903 አሳይታ ነበር። ከፓሪስ ወደ ማድሪድ የተጀመረው ውድድር በመጀመሪያው ቀን ማርሴል ሬኖን ጨምሮ ብዙ ተወዳዳሪዎችና ተመልካቾች ስለሞቱበት መንግሥት ቦርዶ ላይ አስቆመው። ይህ በሆነ በዓመቱ ዊልያም ቫንደርቢልት የተባለ የታላቅ ሀብታም ቤተሰብ ልጅ በኒውዮርክ አጠገብ ባለችው የሎንግ አይላንድ ደሴት የገበሬ መንገዶች ላይ በስሙ የተሰየመ ዋንጫ አዘጋጀ። የአካባቢው ነዋሪዎች ውሾቻቸውን እንዲያስሩና ዶሮዎቻቸውን እንዲዘጉ በማስታወቂያ ታዘዙ፤ አቧራውን ለማስተኛትም መንገዱ ላይ ዘይት ፈሰሰ። ይህ ማስታወቂያ በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው፤ መንገዱ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ የመንገዱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ እንዲሰበሰብና ተሽቀዳዳሚው እንዲያልፍ የሚያዝ ስለሆነ።

በ1904 ጥቅምት 8 ቀን በተደረገው የመጀመሪያው የቫንደርቢልት ዋንጫ 18 መኪኖች ተነሥተው 457 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመጓዝ ሲወዳደሩ፣ ጆርጅ ሂዝ በፈረንሳዩ ፓናር አሸነፈ። በዚሁ ውድድር የአንዱ መርሴዲስ ጎማ ተላቆ መኪናው ሲገለበጥ፣ ባለ መኪናው ጆርጅ አሬንትስ ሲተርፍ ረዳቱ ካርል ሜንሰል ሞተ። የረዳቱ ተግባር እዚህ ላይ በዝርዝር መገለጽ አለበት። ነዳጅና ዘይት ወደ ሞተሩ እንዲደርስ በእጁ ፓምፕ ግፊት ይሰጣል፤ የጎማዎቹን መበላት አጎንብሶ ይመለከታል፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ሲኖር የሾፌሩን ጉልበት ወይም ትከሻ እየነካ ያስታውቃል፤ ጎማ ሲፈነዳ ወርዶ ካላማዳሪውን አውጥቶ ይቀይራል። ሾፌሩ ቢያንስ የሚጨብጠው መሪ አለው፤ መታጠፊያውም መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። ረዳቱ ግን ወደ ኋላ ዞሮ ወይም ወደ ታች አጎንብሶ ሳለ መኪናው ሲስት የሚይዘው ነገር ስለሌለ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወረወረው እርሱ ነበር።

በ1906 የቫንደርቢልት ዋንጫን ለማየት የመጣው ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ ይገመታል። ይህ ሕዝብ በአጥር ወይም በገመድ ከመቆየት ይልቅ ወደ መንገዱ መሀል እየገባ መኪና ሲመጣ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ በመጨረሻም አንድ ተመልካች በመኪና ተመትቶ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ተሰረዘ፤ ቫንደርቢልትም ለመኪና ብቻ የሆነ፣ መንገደኛና ከብት የማያቋርጠው የግል መንገድ ወደ ማሠራት ዞረ። በ1908 ውድድሩ ከፊሉ በዚሁ አዲስ መንገድ ላይ ሲካሄድ ጆርጅ ሮበርትሰን በሎኮሞቢል መኪና አሸንፎ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአሜሪካ መኪና አስገኘ። በዚያው ዓመት የጆርጂያ ግዛቷ ሳቫና ከተማ የአሜሪካን ግራንድ ፕሪ ስታስተናግድ ተመልካቹን ከመንገዱ የለዩት ጠመንጃ የያዙ የግዛቱ ወታደሮች ሲሆኑ፣ መንገዱን የሠሩት ደግሞ እስረኞች ነበሩ። ሕዝቡን መጠበቅ እንደሚቻል ሳቫና አስመስክራለች፤ የእስረኞቹ ጉልበት ግን በሽልማት ንግግሮች ውስጥ ቦታ አላገኘም። በሎንግ አይላንድ በ1910 ሁለት ረዳት መካኒኮች ሞተው ተመልካቾችም ከቆሰሉ በኋላ ዋንጫው ከደሴቲቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።

የሽቅድምድሙ ማዕከል ወደ ኢንዲያናፖሊስ የዞረው በዚህ ጊዜ ነው። ካርል ፊሸር፣ ጄምስ አሊሰን፣ አርተር ኒውቢና ፍራንክ ዊለር የተባሉ አራት ነጋዴዎች በከተማዋ የሚሠሩ መኪኖች የሚፈተኑበትና ሕዝብ ከፍሎ የሚያይበት፣ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር የሆነ ሜዳ በ1909 አሠሩ። አሳባቸው ትክክለኛ ነበር፤ የሕዝብ መንገድ ለሽቅድምድም እንደማይሆን ተረድተዋል። ስሕተቱ በወለሉ ላይ ነበር። ሜዳው በተፈጨ ድንጋይና በሬንጅ ስለተሸፈነ፣ መኪኖቹ ሲሽከረከሩበት ሬንጁ እየተላቀቀ ድንጋዩ እንደ ጥይት ይበር፣ መታጠፊያዎቹም ይቦረቦሩ ጀመር። ነሐሴ 19 ቀን፣ በመኪና ውድድሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ሾፌሩ ዊልያም ቡርክና ረዳቱ ሃሪ ሆልኮም ሞቱ። በሦስተኛው ቀን የቻርሊ መርዝ መኪና ጎማው ፈንድቶ አጥሩን ጥሶ ሲወጣ፣ ረዳቱ ክሎድ ኬለምና ሁለት ተመልካቾች ሲሞቱ መርዝ ግን በሕይወት ተረፈ። በሦስት ቀን ከሞቱት አምስት ሰዎች መሪ የጨበጠው አንድ ብቻ ነው።

በእነዚያ ቀናት የአሜሪካ የመኪና ማኅበር፣ ማለትም በ1902 የተመሠረተውና ውድድሮችን ይቆጣጠር የነበረው ድርጅት፣ ሜዳው ካልተሻሻለ ፈቃድ እንደማይሰጥ ስላስጠነቀቀ ባለቤቶቹ ወለሉን በሙሉ በሸክላ ጡብ ለማንጠፍ ወሰኑ። 3.2 ሚሊዮን ጡብ በ63 ቀን ውስጥ በእጅ ተነጠፈ፤ በኢትዮጵያ ከተሞች ወጣቶች ተደራጅተው ያነጠፉትን ኮብልስቶን ያየ ሰው ይህ ምን ያህል የጉልበት ሥራ እንደሆነ ሊገምት ይችላል። አጥር ጥሶ የሚወጣ መኪና እንዲቆምም በተመልካቹ ፊት የኮንክሪት ግድግዳ ተሠራ። ይህ እርምጃ ከአምስት ሰዎች ሞት በፊት ሊወሰድ ይችል እንደነበረ መናገር ተገቢ ነው፤ ጡብም ሆነ ኮንክሪት በነሐሴ 1909 ያልታወቀ ነገር አልነበረምና።

በአዲሱ ጡብ ላይ የ500 ማይል፣ ማለትም የ805 ኪሎ ሜትር ውድድር በ1911 ግንቦት 30 ቀን ተደረገ። ከ40 መኪኖች መካከል ያለ ረዳት የተሰለፈው ሬይ ሃሩን ብቻ ነበር፤ የነዳት ማርሞን መኪና ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራች ቀጭን ስለሆነች። ተፎካካሪዎቹ ከኋላ የሚመጣውን የሚነግረው ሰው ከሌለ ለሌሎቹ አደገኛ ነው ብለው ሲቃወሙ፣ ሃሩን በፊቱ ስፖኪዮ አሰቀለ፤ በፈረስ ጋሪ ላይ አይቶት እንደነበረ በኋላ ተናግሯል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል አማካይ ፍጥነት፣ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ነድቶ አሸነፈ። ጡቡ ከሚያነሣው መንቀጥቀጥ የተነሣ በመስተዋቱ ምንም እንዳላየበት ራሱ ቢመሰክርም፣ ነገሩ ያለው ትርጉም ከዚህ የላቀ ነው፤ የረዳቱ ዓይን በአንድ መስተዋት ሊተካ እንደሚችል በዚያ ቀን ታይቷል። በዚያው ቀን የሞተው አንድ ሰው የአርተር ግራይነር ረዳት ሳም ዲክሰን ነበር። የሃሩን ምሳሌ ግን አልተከተሉትም፤ ከዚያ በኋላ ደንቡ ረዳት እንዲኖር ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል አስገደደ።

ከ1910 ጀምሮ ደግሞ የእንጨት ሜዳዎች መጡ። እነዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ጣውላ ተደርድሮ የሚሠሩ፣ መታጠፊያቸው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ወደ ላይ የተሰቀለ ሜዳዎች ሲሆኑ፣ ርካሽና ፈጣን ስለነበሩ በየከተማው ተዛመቱ። ጣውላው ግን በፀሐይና በዝናብ ቶሎ ይበሰብስ ነበር፤ መኪኖች ከላይ እየሮጡ አናጺዎች ከሥር ሆነው ቀዳዳ ይደፍኑ ነበር። በ1912 መስከረም በኒውአርክ የሞተር ብስክሌት ሜዳ ኤዲ ሃሻ የተባለ ተወዳዳሪ መቆጣጠር ተስኖት በላይኛው አጥር ላይ ሲላተም፣ እርሱና ሌላ ተወዳዳሪ፣ እንዲሁም አንገታቸውን አስግገው ወደ ታች ይመለከቱ የነበሩ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም መካከል ልጆች ነበሩ። በ1920 የኢንዲያናፖሊስን ውድድር ያሸነፈው ጋስቶን ሸቭሮሌ በዚያው ዓመት ኅዳር በቤቨርሊ ሂልስ የእንጨት ሜዳ ከኤዲ ኦዶኔል ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞቱ፤ የኦዶኔል ረዳትም አብሯቸው ሞቷል። በ1927 ፍራንክ ሎክሃርት በአትላንቲክ ሲቲ ጣውላ ላይ በሰዓት 237 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሮጥ ጎማውም ሆነ ፍሬኑ ለዚያ ፍጥነት የተሠራ አልነበረም፤ እርሱም በቀጣዩ ዓመት በዴይቶና የባሕር ዳርቻ የፍጥነት ሙከራ ሲያደርግ ሞተ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቁር አሜሪካውያን በኦፊሴላዊው ውድድር መሰለፍ አልተፈቀደላቸውም። የዓለም የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን በ1910 ጥቅምት ከኦልድፊልድ ጋር በኒውዮርክ ሺፕስሄድ ቤይ ሲወዳደር፣ የመኪናው ማኅበር ለጆንሰን ፈቃድ ከመከልከሉም ሌላ ኦልድፊልድን ከውድድር አገደው። ከ1924 ጀምሮ ግን ጥቁሮች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በኢንዲያናፖሊስ የትርኢት ሜዳ የ100 ማይል ዓመታዊ ውድድር ያካሂዱ ጀመር። ወርቅና ክብር ተብሎ የተጠራውን ይህን ውድድር ደጋግሞ ያሸነፈው ቻርሊ ዊጊንስ የተባለ መካኒክ ሲሆን፣ መኪናዎቹን የሚሠራው ከወዳደቀ ዕቃ በገዛ እጁ ነበር። ዊጊንስ በሙያው ከዘመኑ ምርጦች ጋር የሚቆጠር ሰው ሆኖ ሳለ የጡቡ ሜዳ በቆዳው ቀለም ምክንያት ተዘግቶበት መቅረቱ ከሽቅድምድም ታሪክ በደሎች ሁሉ የከፋው ነው። በተሰጣቸው የአፈር ሜዳ ላይ የጥንቱ አቧራ አልተለወጠም ነበር፤ በ1936 ውድድር መኪኖች በአቧራ ውስጥ ተደራርበው ሲጋጩ ዊጊንስ አንድ እግሩን አጣ፤ ውድድሩም ከዚያ ዓመት በኋላ አልቀጠለም። ለዚህ ውድድር ስሙን ያወጣለት የስፖርት ጸሐፊ ይሠራበት የነበረው ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ፣ በእነዚያው ወራት የኢትዮጵያን በፋሺስት ኢጣልያ መወረር በሰፊው ይዘግብ ነበር። ዊጊንስ ከዚያ በኋላ ሰው ሠራሽ እግር ለራሱ ሠርቶ እስከ 1979 ድረስ ኖረ፤ ወጣቶችንም መካኒክነት አስተማረ።

የረዳት ነገር በኢንዲያናፖሊስ ከ1923 ጀምሮ በተወዳዳሪው ፈቃድ ላይ ተትቶ ብዙዎች ብቻቸውን ሲሮጡ ቆይቶ፣ በ1930 እንደገና ግዴታ ሆነ። ምክንያቱ መኪኖቹ በገበያ የሚሸጡትን እንዲመስሉና ፋብሪካዎች እንዲመለሱ መፈለጉ ነው፤ ማለትም ሁለተኛው መቀመጫ የተመለሰው ለንግድ ሲባል ነው። ውጤቱ ዘግናኝ ነበር። በ1931 የቢሊ አርኖልድ መኪና ሲጋጭ ተፈንቅሎ የበረረው ጎማ ከሜዳው ውጭ በቤቱ ግቢ የነበረ ሕፃን ገደለ። በ1933 ለዚያው ውድድር ሦስት ሾፌሮችና ሁለት ረዳቶች ሞቱ። ራስን የሚከላከል ጠንካራ ቆብ በሜዳው ግዴታ የሆነው፣ አደጋ ሲኖር ሁሉም ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስታውቅ ቢጫ መብራትም የተተከለው በ1935 ነው፤ ከ1911 ጀምሮ ሲቆጠር ሃያ አራት ዓመት መሆኑ ነው።

በአሶሳ ከተማና በዙሪያዋ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ቁጥር በጨመረበት፣ በመተከል በኩልም የሕዳሴ ግድብ ሥራ ከተጀመረበት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ ከባድ መኪኖች በቻግኒና በግልገል በለስ አልፈው ወደ ጉባ ሲመላለሱ በኖሩበት ጊዜ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር የአካባቢውን ሕዝብ በቀጥታ ይመለከተዋል። የመጀመሪያው፣ የሚገድለው ፍጥነት ብቻውን ሳይሆን ፍጥነትና እግረኛ በአንድ መንገድ ላይ መገናኘታቸውም መሆኑ ነው፤ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ባምባሲ በገበያ ቀን የሚጓዝ ሰው መንገዱ የገበያተኛው፣ የአህያው፣ የተማሪውና የመኪናው በአንድነት መሆኑን ያያል፤ እንዲህ ባለ መንገድ ላይ በሞተር የሚሽቀዳደም ወጣት በሎንግ አይላንድ በ1906 የሆነውን እየደገመ ነው። ሁለተኛው፣ በጭነት ላይ ተንጠልጥሎ የሚጓዘው ረዳት መቀመጫና ቀበቶ እንዲኖረው ማድረግ ውድ ነገር አለመሆኑ ነው፤ ኢንዲያናፖሊስም የደኅንነት እርምጃዎቿን ያዘገየችው ገንዘብ ስላጣች አልነበረም።

ረዳት መካኒኮች በኢንዲያናፖሊስ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰለፉት በ1937 ነው። በ1930 ቢሊ አርኖልድ ሲያሸንፍ ከጎኑ ተቀምጦ የነበረው ስፓይደር ማትሎክ በ1936 ጥር በሎስ አንጀለስ አጠገብ በአስኮት ሜዳ ከሾፌሩ ከአል ጎርደን ጋር ሞቷል። በዚያው ዓመት ግንቦት ለአሸናፊው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው የቦርግ ዋርነር ዋንጫ ከ1911 አንሥቶ ያሸነፈው የእያንዳንዱ ሾፌር ፊት በብር ተቀርጾበታል፤ የአርኖልድም ፊት በዚያ አለ። የማትሎክም ሆነ በድል መኪኖች ላይ ከጎን ተቀምጦ የተጓዘ የማናቸውም ረዳት ፊት አልተቀረጸበትም።